የአንጎል ሥር ዕጢ በአፍንጫ በኩል ይወጣል ወይ? ከጅማ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«እናቴ 54 ዓመቷ ነው፤ የምንኖረው ጅማ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ራሷን ያማታል፣ ዓይኗም እየደከመ መጥቷል። መነጽር ሁለት ጊዜ ቢቀየርላትም ለውጥ የለም። ቡና ስታፈላ በረከቦቱ ዳርና ዳር ያሉትን ስኒዎች ሳትቀዳባቸው ታልፋለች፤ በር ስትገባም ትከሻዋ ከመቃኑ ጋር ይጋጫል። በኤምአርአይ ፒቱታሪ የሚባለው ቦታ ላይ 2.6 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዕጢ ተገኘባት። ሐኪሙ ጭንቅላቷ ሳይከፈት በአፍንጫዋ በኩል በካሜራ ይወጣል ብሎ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጽፎልናል። ዘመድ ጎረቤቱ ግን ይህን አላመነም። ሦስት ነገር ልጠይቅ፦ እውነት በአፍንጫ ይወጣል ወይ? በአፍንጫ ከሆነ ቀላል ነውና በሳምንት ውስጥ ቤቷ ትመለሳለች ወይ? ቡናችን በኅዳር ተለቅሞ እስኪሸጥ አራት ወር ጠብቀን ሕንድ ብንወስዳትስ አይሻልም ወይ?»

ከሦስተኛው ጥያቄ እጀምራለሁ፤ የቀሩት ሁለቱ ትንሽ ቢቆዩ ጉዳት የላቸውም፣ ይህኛው ግን የጊዜ ጉዳይ ነው። ከጻፉልኝ ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ የዕጢው ልክ ሳይሆን የረከቦቱ ነገር ነው። እናትዎ ፊት ለፊት ያለውን ስኒ እያዩ በግራም በቀኝም ዳር ያሉትን የማያዩ ከሆነ፣ ችግሩ በመነጽር የሚስተካከል አይደለም፤ ከዓይን በስተኋላ፣ ሁለቱ የዓይን ነርቮች በሚገናኙበት ቦታ ላይ ጫና አርፏል ማለት ነው።

በአማርኛ የተፈጥሮውንም የበሽታውንም «ዕጢ» ስለምንላቸው እንዳይምታታ፣ ከዚህ በኋላ የተፈጥሮዋን «ፒቱታሪ»፣ በላይዋ የበቀለውን ብቻ «ዕጢ» እላለሁ። ፒቱታሪ የሽምብራ ፍሬ የምታህል፣ ክብደቷ ግማሽ ግራም ገደማ የሆነ፣ ከአፍንጫ በስተኋላ በአንጎል ሥር ባለች ትንሽ የአጥንት ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠች የሆርሞኖች አዛዥ ናት። የቀድሞ ሐኪሞች የጉድጓዷን ቅርጽ አይተው «የቱርክ ኮርቻ» ብለዋታል። ከእርሷ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ሁለቱ የዓይን ነርቮች ይገናኛሉ፤ እዚያም ከእያንዳንዱ ዓይን የውስጠኛው ግማሽ የሚመጡት ክሮች ወደ ተቃራኒው ወገን ይሻገራሉ። የጎን እይታችንን የሚያመጡልን እነዚህ ተሻጋሪ ክሮች ናቸው። ዕጢው ወደ ላይ ሲያድግ በቅድሚያ የሚጫነው መሻገሪያውን ስለሆነ፣ ሰው ቀጥታ የሚያየው ሳይጠፋ የሁለቱ ጎኖች ዳር ይሰወርበታል። የበር መቃን የሚመታቸው፣ ዳር ያለው ስኒ የሚያልፋቸው ለዚህ ነው።

የተጫነ ነርቭ በመጀመሪያ ሥራውን ያቆማል እንጂ ወዲያው አይሞትም። በዚህ ደረጃ ላይ ጫናው ከተነሣለት አብዛኛውን ጊዜ ያገግማል፤ ከቀዶ ሕክምና በማግሥቱ ከአልጋቸው ሆነው የግድግዳውን ሰዓት ያነበቡልኝ ሕሙማን አሉ። ክሮቹ አንዴ ከሞቱ በኋላ ግን የጅማም፣ የአዲስ አበባም፣ የሕንድም ሐኪም አይመልሳቸውም። የትኛው ሰው ነርቭ ምን ያህል ጊዜ እንደሚታገሥ አስቀድሞ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፤ እይታ እየቀነሰ መሆኑ ከታወቀ ግን አራት ወር መጠበቅ እንደ ባለሙያ ልመክረው የማልችለው ነገር ነው። ቡናው የቤተሰቡ መተዳደሪያ መሆኑን፣ ከኅዳር በፊት እጅ ላይ ገንዘብ እንደማይገኝም አውቃለሁ። ቢሆንም ቀጠሮውን የሚወስነው የቡናው መድረስ ሳይሆን የነርቩ ሁኔታ መሆን ይኖርበታል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት የመጀመሪያው ሥራ የእይታ ስፋት ምርመራ ማሠራት ነው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የዓይን ሕክምና ክፍል ስላለ ለዚህ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። የነርቩ ክሮች ምን ያህል እንደሳሱ የሚያሳየው የዓይን ስካን ከተገኘ ደግሞ ምን ያህል እይታ ሊመለስ እንደሚችል ፍንጭ ይሰጣል። እስከዚያው እርስዎ ራስዎ በቤት ሊከታተሉ ይችላሉ። ከእናትዎ ፊት ለፊት በአንድ ክንድ ርቀት ይቀመጡ፤ አንድ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ይሸፍኑና በሌላው የእርስዎን አፍንጫ ብቻ ይመልከቱ፤ እርስዎ ጣትዎን እያንቀሳቀሱ ከዳር ወደ መሐል ቀስ ብለው ያምጡና መቼ እንዳዩት ይጠይቋቸው። በሌላው ዓይንም ይድገሙት፤ ውጤቱን ከቀኑ ጋር ጽፈው ያስቀምጡ። ይህ የሐኪምን ምርመራ አይተካም፤ ይሁን እንጂ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጣትዎ ይበልጥ ወደ መሐል ሳይመጣ የማይታያቸው ከሆነ፣ ቀጠሮው እንዲቀርብ ለመጠየቅ በቂ ምክንያት አለዎት። ድንገተኛና ከባድ ራስ ምታት፣ ከትውከት፣ ከእይታ መጥፋት ወይም አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ከማየት ጋር ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዕጢው ውስጥ ደም ፈስሶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።

ሁለተኛው ሥራ የደም ምርመራ ነው። በጥያቄዎ ውስጥ ስለ ሆርሞን ምርመራ አንድም ቃል አለማየቴ አሳስቦኛል። ምናልባት ተሠርቶ ይሆናል፤ ካልተሠራ ግን በአፍንጫ ወይስ በጭንቅላት ከሚለው ክርክር ሁሉ ይቀድማል። ምክንያቱም ዕጢው ፕሮላክቲን የተባለውን ሆርሞን የሚያመርተው ዓይነት ከሆነ፣ የመጀመሪያ ሕክምናው ቀዶ ሕክምና ሳይሆን ክኒን ነው። ካበርጎሊን አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሁለት ቀን ይዋጣል፤ ብሮሞክሪፕቲን ደግሞ በየቀኑ። ሁለቱም አብዛኞቹን የዚህ ዓይነት ዕጢዎች ያሟሽሻሉ፤ እይታም በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ሲሻሻል ይታያል። በወጣት ሴቶች ላይ የወር አበባ መቅረትና ያለ ወሊድ የጡት ወተት መምጣት ቶሎ ያጋልጠዋል፤ በእናትዎ ዕድሜ ግን የወር አበባው በተፈጥሮ የሚቋረጥ በመሆኑ ምልክቱ ተሸፍኖ ያልፋል።

ውጤቱን ማንበብም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ይህን የምጽፈው በወረቀቱ ላይ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሲያዩ ቸኩለው እንዳይደሰቱ፣ ዝቅ ብሎ ሲያዩም ቸኩለው ተስፋ እንዳይቆርጡ ነው። በሚሊ ሊትር ከ200 ናኖ ግራም በላይ ከሆነ ዕጢው ራሱ ፕሮላክቲን አምራች የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው። ከፍ ብሎም ከ100 በታች ከሆነ ግን፣ በዚህ መጠን ባለ ዕጢ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው ሌላ ነገር ነው፦ ከአንጎል ወደ ፒቱታሪ የሚወርደው ዘንግ ስለተጫነ ፕሮላክቲንን የሚገታው ትእዛዝ እየላላ መሆኑን። እንዲህ ያለውን ዕጢ ክኒን አያሟሽሸውም። ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራሚድና አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችም ቁጥሩን ከፍ ያደርጋሉ። በተቃራኒው ደግሞ ዕጢው በጣም ትልቅ ሲሆን ሆርሞኑ ከመጠን በላይ ስለሚበዛ የመመርመሪያው ዘዴ ተሸንፎ ዝቅተኛ ቁጥር ሊያወጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ላቦራቶሪው ናሙናውን አቅጥኖ እንዲደግመው መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከፕሮላክቲን ጋር የጠዋት ኮርቲሶል (ሰውነት ሕመምንና ጭንቀትን የሚቋቋምበት ሆርሞን)፣ የታይሮይድ ሆርሞኖች፣ የእድገት ሆርሞን መብዛቱን የሚጠቁመው አይጂኤፍ-1 እና ሶዲየም (በደም ውስጥ ያለው ጨው) ይታዘዙላቸው። በነገራችን ላይ የእጃቸው ቀለበት አልወጣ ካለ ወይም የጫማ ቁጥራቸው ከጨመረ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ የእድገት ሆርሞን የሚያመነጭ ዕጢ እንዲህ ይታወቃል። ኮርቲሶል ከታይሮይድ ጋር አብሮ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ቅደም ተከተሉ የሕይወት ጉዳይ ነው፦ በቅድሚያ ኮርቲሶልን የሚተካው መድኃኒት፣ ሃይድሮኮርቲዞን፣ ይጀመራል፣ የታይሮይድ ክኒን ከዚያ በኋላ ይከተላል። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ሰውነት ያለችውን ጥቂት ኮርቲሶል አሟጦ ይጨርስና ሕመምተኛው ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልምጣ። አዎን፣ እውነት ነው፤ በአፍንጫ ይወጣል። እንደውም ክኒን ለማይበጃቸው አብዛኞቹ የፒቱታሪ ዕጢዎች ተመራጩ መንገድ ይኸው ነው። ጎረቤቶችዎ የሚጠራጠሩት አፍንጫን እንደ አጭርና ጠባብ ቀዳዳ ስለሚያስቡት ይመስለኛል። የአፍንጫ ክፍተት ግን ወደ ኋላ ረዝሞ ስፌኖይድ ከሚባል በአየር የተሞላ የአጥንት ክፍል ጋር ይገናኛል፤ የዚያ ክፍል የኋላ ግድግዳ ደግሞ ፒቱታሪ የተቀመጠችበት ኮርቻ ወለል ነው። ያንን ስስ አጥንት ያነሣ ሐኪም አንጎልን ሳይነካ ዕጢው ላይ ይደርሳል ማለት ነው። በጭንቅላት በኩል ሲኬድ ግን የራስ ቅል ተከፍቶ፣ አንጎል በጥንቃቄ ገለል ተደርጎ፣ አስቀድሞ በተጎዱት የዓይን ነርቮች መካከል አልፎ ነው እዚያው ቦታ የሚደረሰው።

ይህ መንገድ ለእኛ አዲስ ቢመስለንም ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ኸርማን ሽሎፈር የተባለው ቀዶ ሐኪም በኢንስብሩክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1907 በአፍንጫ በኩል የፒቱታሪ ዕጢ አውጥቷል። በቪየና ኦስካር ሂርሽ፣ በአሜሪካ ደግሞ ሃርቪ ኩሺንግ ተከተሉት። ኩሺንግ ብዙ ሕሙማንን በዚህ መንገድ ካከመ በኋላ ግን በ1920ዎቹ መጨረሻ ትቶት ወደ ራስ ቅል መክፈት ተመለሰ፤ እርሱን አይቶም አብዛኛው የዓለም ሐኪም ተወው። ጥልቁ ጉድጓድ ጨለማ ነበረ፤ ኢንፌክሽን የሚከላከል አንቲባዮቲክ ገና አልነበረም፤ የዕጢው የላይኛው ክፍልም አይታይም ነበር። መንገዱ ሳይጠፋ የቆየው በኤደንብራው ኖርማን ዶት እጅ ነው፤ ከእርሱ የፓሪሱ ዤራር ጊዮ ተማረው፣ ከጊዮ ደግሞ የሞንትሪያሉ ዡል ሃርዲ፤ ሃርዲም በ1960ዎቹ የቀዶ ሕክምና ማይክሮስኮፕን ጨመረበት። እኔ ይህን ታሪክ ለተማሪዎች ደጋግሜ የምነግረው አንድ ነገር እንዲያስተውሉ ነው፦ መግቢያው ሁልጊዜም ነበረ፤ የጎደለው ብርሃንና መዝጊያ ነበር።

ብርሃኑን የሞላው ኢንዶስኮፕ ነው። ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 18 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ከእርሳስ የቀጠነ የብረት ቱቦ ነው፤ በውስጡ በተደረደሩ የመስታወት ዘንጎች ምስሉን ወደ ካሜራ ያመጣል። በማይክሮስኮፕ የሚሠራ ሐኪም በበር ቀዳዳ ከውጭ ሆኖ ቤቱን እንደሚያይ ነው፤ ቀጥታ ፊት ለፊት ያለውን ብቻ ያያል። ኢንዶስኮፕ ግን ዓይኑን ቤቱ ውስጥ ያስገባለታል። ጫፉ በ30 ወይም በ45 ዲግሪ የተቆረጠው ዓይነት ደግሞ ጥግ ዞሮ ያሳያል፤ ከኮርቻው ጎን በሚያልፈው ትልቅ የደም ሥር አጠገብ ተደብቆ የቀረውን የዕጢ ቁራጭ ለማግኘት የሚረዳውም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በፈረንሳይና በተለይም በአሜሪካዋ ፒትስበርግ የተጀመረው በኢንዶስኮፕ ብቻ የሚሠራው ቀዶ ሕክምና ዛሬ በብዙ አገሮች የተለመደ አሠራር ሆኗል። መሣሪያው ለአገራችን የማይደረስበት አይደለም፤ የአንገት በላይ ሐኪሞች የሳይነስ ሕመም የሚያክሙበት ያው ቴሌስኮፕ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩትም ሁለት ባለሙያዎች አብረው ነው። የአንገት በላይ ሐኪሙ መንገዱን ይከፍታል፣ ከዚያም ቴሌስኮፑን ይይዛል፤ የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ በሁለቱም እጆቹ ይሠራል። ከኮርቻው በግራና በቀኝ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትሮች ብቻ ርቀው፣ ለአንጎል ደም የሚያደርሱት ሁለቱ ትላልቅ የደም ሥሮች ያልፋሉ። አጥንቱ ከመነሣቱ በፊት የደም ሥሩን ድምፅ የምታሰማ ትንሽ ዶፕለር ቦታው ላይ ስትደረግ፣ «ሹ… ሹ…» የሚለው ድምፅ በክፍሉ ሲሰማ ሁሉም ሰው ዝም ይላል። የደም ሥሩ የት እንዳለ ያን ጊዜ በጆሮ ይታወቃል። በሲቲ ስካንና በኤምአርአይ የሚመራ ዘመናዊ የአቅጣጫ መሣሪያም አለ፤ ጥሩ ነው፣ ሲኖር እጠቀምበታለሁ። ሆኖም ተንቀሳቃሹ የኤክስሬይ መሣሪያም ለመደበኛ የፒቱታሪ ቀዶ ሕክምና ለዓመታት በሚገባ አገልግሏል፤ «እዚያ ሆስፒታል ያ ማሽን የለም» ተብሎ ብቻ ጥሩ ልምድ ያለውን ሐኪም መተው ተገቢ አይመስለኝም።

ከሁሉ በላይ ዋጋ የምሰጠው እድገት ግን ጉድጓዱን የመዝጋት ጥበብ ነው። አንጎል በፈሳሽ ውስጥ ተንሳፍፎ ነው የሚኖረው፤ ያንን ፈሳሽ ከአፍንጫ የሚለየው ስስ ሽፋን ከተቀደደና በደንብ ካልተዘጋ ፈሳሹ ወደ አፍንጫ ይወርዳል፣ ጀርም ወደ ላይ ይወጣል፣ ማጅራት ገትር ይከተላል። ለትልልቅና ሰፊ ቀዳዳ ለሚጠይቁ ዕጢዎች የአፍንጫው መንገድ ለዓመታት የተፈራው በዚህ ነበር፤ ቢያንስ ከአምስት ሕሙማን አንዱ ይፈስበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የአርጀንቲናዎቹ ሐዳድና ባሳጋስቴጊ ከፒትስበርግ ባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ዘዴ ይህን ቀየረው። አፍንጫን ለሁለት የሚከፍለው ግድግዳ ላይ ያለው ሥጋ መሰል ሽፋን ይገለጣል፤ ከኋላ በኩል ደም ከምታመጣለት ትንሽ የደም ሥር ግን አይቆረጥም። ዕጢው ከወጣ በኋላ ያ ሽፋን ወደ ኋላ ተመልሶ በቀዳዳው ላይ ይነጠፋል። ሥሩ ያልተነቀለ ስለሆነ ሕያው ነው፤ በቀናት ውስጥ ይጣበቃል። የመፍሰሱ መጠንም በሰፋፊዎቹ ቀዶ ሕክምናዎች ወደ ከሃያ አንድ ገደማ ወረደ።

አንዳንድ ጊዜ ከሆድ ትንሽ ስብ ወይም ከጭን ስስ ሽፋን ተወስዶ ቀዳዳው ይሞላበታል። ይህን አስቀድሜ የምነግርዎት በአንድ ወቅት የአንዲት ሕመምተኛ ወንድም የእኅቱን ሆድ ላይ ፋሻ አይቶ «በአፍንጫ ብላችሁን ሆዷን ለምን ቀደዳችሁ?» ብሎ በድንጋጤ ስለጮኸብኝ ነው። እውነት ነበረው፤ አስቀድሜ ማስረዳት ነበረብኝ፣ አላስረዳሁም። ከዚያ ወዲህ ስለ ሆዱና ስለ ጭኑ ሳልናገር ማንንም ፈርም ብዬ አላውቅም።

የአፍንጫው መንገድ ለሁሉም ዕጢ አይሆንም። ዕጢው ከደም ሥሩ አልፎ ወደ ጎን ከተስፋፋ፣ ወይም ከአንጎል ሽፋን የበቀለና የደም ሥሮችን ከቦ የያዘ ከሆነ፣ የራስ ቅል መክፈት የተሻለ ይሆናል። በዚያም ቢሆን ዘመኑ ተለውጧል፤ በጀርመን የማይንዝ ከተማው ቀዶ ሐኪም አክሰል ፔርኔትስኪ ያስፋፉት ዘዴ በቅንድብ ፀጉር ውስጥ በሚደረግ አጭር ቁርጥ ወደ አንጎል ሥር ለመግባት ያስችላል። የእናትዎን ምስል ሳላይ የትኛው መንገድ ይሻላል ብዬ አልወስንም፤ መሐል ላይ ሆኖ ወደ ላይ ያደገ የ2.6 ሴንቲ ሜትር ዕጢ ግን በተለምዶ የአፍንጫው መንገድ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ላይ ሳልስማማ ልቀር ነው። በአፍንጫ መሆኑ ቀላል አያደርገውም። ቁስሉ አይታይም፣ ፀጉር አይላጭም፣ ሕመሙ ያነሰ ነው፣ ሰውም ቶሎ ይነሣል፤ በውስጥ የተሠራው ሥራ ግን ያው የአንጎል ሥር ቀዶ ሕክምና ነው። ልምድ ባላቸው ማዕከሎች ሞትና የትልቁ ደም ሥር ጉዳት እያንዳንዳቸው ከመቶ ከአንድ ያነሱ ናቸው፤ ከመደበኛ የፒቱታሪ ቀዶ ሕክምና በኋላ የአንጎል ፈሳሽ መፍሰስ ደግሞ ከመቶ ጥቂት ሰዎችን ያጋጥማል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሽንት እንደ ውኃ ነጥቶ በቀን ከሦስት ሊትር በላይ ሊወርድ ይችላል። ይህ ከስኳር በሽታ ጋር አይገናኝም፤ ፒቱታሪ ውኃን የሚቆጥበውን ሆርሞን ለጊዜው ስታቆም የሚመጣ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ያልፋል፤ ካላለፈም መድኃኒት አለው።

ወደ ቤት ስለመመለስ እጅግ የምፈራው ግን ሌላ ነገር ነው። ሕመምተኛው ደህና ሆኖ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ፣ ከአምስተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜም በሰባተኛው ቀን አካባቢ፣ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ሊወርድ ይችላል። መጀመሪያ ማቅለሽለሽና ራስ ምታት ነው፤ ቀጥሎ ድካምና መደናገር፤ ካልታወቀ የሚጥል በሽታ የመሰለ መንቀጥቀጥ ይመጣል። አዲስ አበባ ያለ ቤተሰብ በሰዓት ውስጥ ተመልሶ ይታከማል። እናትዎ ግን ያን ጊዜ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው፣ ወይም ጭራሽ መንገድ ላይ ይሆናሉ። ስለዚህ ቢቻል እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ይቆዩ፤ ካልተቻለ በሰባተኛው ቀን ጅማ ላይ ሶዲየም እንዲለካላቸው የትእዛዝ ወረቀቱን ከመውጣትዎ በፊት ይቀበሉ። ጠያቂ ሁሉ በፍቅር የሚያመጣው አጥሚትና ጭማቂ በዚያ ሳምንት ጉዳዩን ሊያባብሰው ይችላል፤ አንዳንድ ማዕከሎች በእነዚያ ቀናት የሚጠጣውን በቀን አንድ ሊትር ያህል ይወስኑታል። ሐኪማቸው ምን ያህል እንዲጠጡ እንደፈቀደ ይጠይቁና ለጠያቂዎችም ይንገሩ።

ለጥቂት ሳምንታት አፍንጫቸውን መናፈጥ የለባቸውም፤ ማስነጠስ ሲመጣ አፍ ተከፍቶ ይነጠስ። ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጤስ ሌላ ክፍል ይቀመጡ፤ ጀሪካን አያንሡ፤ ሆድ ድርቀት እንዳያስምጣቸው መድኃኒት ይታዘዝላቸው። እናትዎ ሰላት የሚሰግዱ ከሆነ፣ ግንባርን መሬት የሚያደርሰው ሱጁድ በጭንቅላት ውስጥ ያለውን ግፊት ስለሚጨምር ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ተቀምጠው ይስገዱ፤ ሃይማኖቱም ለታመመ ሰው ይህን ይፈቅዳል። ጎንበስ ሲሉ ከአፍንጫቸው እንደ ውኃ የጠራ ነገር ጠብ ካለ ወይም ጉሮሯቸው ውስጥ የጨው ጣዕም ከተሰማቸው በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂዱ። ሃይድሮኮርቲዞን ከታዘዘላቸው ደግሞ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንድም ቀን አይቋረጥ፤ በጾም ቀንም ቢሆን።

ስለ ሕንድ፣ መሄድን አልቃወምም። ጥሩ ሥራ የሚሠሩ ብዙ ማዕከሎች እዚያ አሉ። ነገር ግን ውጤቱን የሚወስነው አገሩ ሳይሆን ይህንን ቀዶ ሕክምና ደጋግሞ የሚሠራ ቡድን ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ከዚያ በፊት ለዚህ ሙያ የሚሰለጥን ሰው ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። ሪፈር የተጻፈላችሁን ሐኪም ያለ ሐፍረት ይጠይቁት፦ በዓመት ስንት እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሠራሉ? የአንገት በላይ ሐኪም አብሮ ይገባል? ፈሳሽ ቢፈስ ማን ይዘጋዋል? ሆርሞኑን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚከታተለው ማነው? በእነዚህ ላይ ግልጽ መልስ የሚሰጥ ሐኪም በጥያቄው አይከፋም። መልሱ አጥጋቢ ከሆነ፣ በቅርብ የሚገኘውና ቶሎ የሚሠራው ይሻላል እላለሁ፤ ክትትሉ የዕድሜ ልክ ነውና። ወደ ውጭ ከሄዱ ደግሞ በጭንቅላት ውስጥ የቀረ አየር አለመኖሩ ተረጋግጦ ሐኪሙ ሳይፈቅድ አውሮፕላን አይሳፈሩ፤ የቀዶ ሕክምናውን ዝርዝር ማስታወሻና የዕጢውን የናሙና ውጤት በእጅዎ ይዘው ይመለሱ፤ ከሦስት ወር በኋላ የሚደገመውን ኤምአርአይም እዚህ የሚያነብላችሁን ሐኪም ከመሄዳችሁ በፊት ያግኙ።

ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ የኤምአርአዩን ወረቀት ብቻ ይዘው የሚመጡ ብዙዎች ናቸው። እኛ መንገዱን የምንመርጠው ከጽሑፉ ሳይሆን ከምስሉ ነው፤ ስለዚህ ሲዲውን ከሠራው ማዕከል ይቀበሉ፣ በኮምፒውተር መከፈቱንም እዚያው ያረጋግጡ። ከእይታ ስፋት ምርመራው፣ ከፕሮላክቲንና ከኮርቲሶል ውጤቶች እንዲሁም እርስዎ በቤት ከጻፉት የጣት ምርመራ ማስታወሻ ጋር በአንድ ፖስታ ያድርጉት።